የኮልፌ ኮሪያ

— ሄሎ! … ሄሎ ገዳ! … ቆይ ቆይ፣ እንዳትዘጋው፣ ወደ መስኮቱ ልጠጋ። … ይቅርታ ጋሼ፣ እግርዎን። … እሺ፣ አሁንስ? ይሰማል?

ይሰማል። በእነ ታዲዮስ ቤት ኔትወርክ የሚይዘው ሳሎኑ መስኮት ሥር ብቻ ነው። ጓዳ ሲገባ ስልኩ ይሞታል፤ ደጅ እንዳይወጣ ጎረቤት ያለው ብረት ቤት ቅዳሜ ጠዋትም ግራይንደሩን ያስጮኸዋል። ስለዚህ በዚህ ቤት ፍቅርም ጠብም የሚወራው ሰው ፊት ነው። ዛሬ ደግሞ ሰው ቢባል ተራ ሰው አይደለም፤ ነጭ ጋቢ የደረቡ ሦስት ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረዋል።

ሽማግሌዎቹ የሚሄዱት አስኮ፣ ጋሽ ወዬሳ ቤት ነው፤ ልጃቸውን ናዝራዊትን ለታዲዮስ ሊጠይቁ። ተናጋሪው አጎቱ አቶ አሰፋ ናቸው። «ልጃችሁን ለልጃችን» የምትለዋን ንግግር ከማለዳ ጀምሮ እየተነሱ ይለማመዷታል። ከጎናቸው የቤተሰቡ የነፍስ አባት ቄስ ሰይፈሥላሴ፣ ዳር ላይ ደግሞ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሾፌር አቶ ፀሐዬ አሉ። አግቢው እንደ ደንቡ አብሮ አይሄድም፤ ቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። የደወለው ገዳ የናዝራዊት ወንድም ነው፤ ታዲዮስ እሷን ከማወቁ በፊት ከእሱ ጋር ነው የተዋወቀው።

— እንዴት አደራችሁ? … እኛማ ተሰናድተናል፣ ሚኒባሱም በር ላይ ቆሟል። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እናንተ ጋ ናቸው። ጋሽ ወዬሳ ተነሱ? … እ? … ስለ እሱ አይደለም የደወልከው? … ታዲያ ስለ ምንድን ነው?

— ስለ ፍጻሜው?! … ኧረ ገዳ! ዛሬ? ሰዎቹ እኮ ጋቢ ለብሰው ቁጭ ብለዋል! … አይ፣ ሌላ ቀን እናወራለን። … አልሸሸሁም! ማነው የሸሸው? … ማነው «ተሸነፍክ» የሚለኝ?

ታዲዮስ ስለ ጌም ሲነሳ ዝም ማለት ቢያውቅበት ኖሮ ይህ ወሬ እዚህ ላይ ባለቀ፣ ሽማግሌዎቹም በሰዓታቸው አስኮ በደረሱ። ግን አያውቅበትም። ቀን ቀን አየር ጤና መጋጠሚያው አጠገብ ሞባይል ይጠግናል፤ የተረፈው ዕድሜው የሚያልቀው «ኪቦርድ ኮልፌ» የሚባለው የቴሌግራም ቻናሉ ላይ ነው። አራት ሺህ ምናምን ተከታይ አለው። የሚወራው ስለ አንድ ጌም ብቻ ነው፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ኮምፒውተር ላይ ተቀምጦ ጦር የሚያዋጋበት፣ ፍጻሜው ሲደርስ አዳራሽ ሙሉ ሰው የሚጮህበት ጌም። በዚህ ጌም ዓመታት ሙሉ ዋንጫውን የሚወስዱት ኮሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ደጋፊው ለሁለት ተከፍሏል፤ አንዱ ኮሪያ፣ ሌላው «የውጭ»። ውጭ ማለት ኮሪያ ያልሆነው ዓለም በሙሉ ነው። ታዲዮስ የውጭ ነው፤ ያውም አለቃቸው። ትናንት ከሰዓት በኋላ በነበረው ፍጻሜ የፖላንዱ ልጅ ኮሪያውን ሦስት ለሁለት ሲመራ ቆይቶ አራት ለሦስት ተሸነፈ።

— ስማኝ፣ አልተሸነፈም! ላግ ነበር! … ስድስተኛው ጨዋታ ላይ፣ ጦሩን ወደ ድልድዩ ሲያስገባ፣ ስክሪኑ ሁለት ሰከንድ ደርቆ ቆመ። ሁለት ሰከንድ ገዳ! በሁለት ሰከንድ አገር ይወረራል! ኔትወርኩ ነው የገደለው እንጂ ኮሪያው አይደለም። … ዳኞቹ? ዳኞቹ ምን ያውቃሉ? … አዎ አዩት፣ አይተውም «ምንም ችግር የለም» አሉ። ታዲያ ምን ይበሉ? «አዎ፣ ኔትወርካችን የማይረባ ነው» ይበሉ?

— ምን? … አንተ? … ገዳ፣ አንተ ራስህ የውጭ አይደለህም እንዴ! ባለፈው ዓመት ፖላንዱ ሲያሸንፍ እኔ ሱቅ ውስጥ ስትዘል የደንበኛዬን ስልክ ከባንኮኒ ላይ የጣልክ ማነህ? … ታዲያ ከመቼ ወዲህ ነው ኮሪያ የሆንከው? … ከዛሬ ጠዋት? ምን ማለት ነው ከዛሬ ጠዋት? ሰው ቁርሱን በልቶ ኮሪያ ይሆናል?

— ምንም አይደለም ጋሼ፣ ስለ ኳስ ነው። … እንደ ኳስ ያለ ነገር ነው።

አቶ አሰፋ ኮሪያ የሚል ሲሰሙ ጦርነት ተነሳ እንዴ ብለው ቄሱን በዓይናቸው ጠየቁ። ቄሱ ትከሻቸውን ሰበቁ። አቶ ፀሐዬ ግን ሦስት ለሁለት የሚለውን ሰምተዋል፤ ጠጋ ብለው ማን እንዳሸነፈ ማወቅ ፈለጉ።

— ኮሪያ ነው ጋሽ ፀሐዬ። … አይ፣ በእውነት አላሸነፈም! ቆይ በኋላ አስረዳዎታለሁ። … ሄሎ? አለሁ፣ አለሁ። ቀጥል፣ ተሳደብ።

ገዳም ቀጠለ መሰለኝ፤ የታዲዮስ ጆሮ ቀላ።

— «የውጭ» አትበል? ለምን አልልም? … እንዴ፣ ለእኛማ ኮሪያም ውጭ ናት! ይቺን አንተ ነህ ያሰብካት? ዓለም በሙሉ የሚለው እንደዚያ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። … ኮሪያዎቹ እኮ ተጫዋቾች አይደሉም፣ ፋብሪካ ናቸው። አሥር ልጅ አንድ ቤት ይዘጋበታል፣ አሠልጣኝ ይቆምበታል፣ በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት ኪቦርድ ይቀጠቅጣል። እንደዚያማ ከሆነ እኔም አሸንፋለሁ! የፖላንዱ ልጅ ግን እናቱ ቤት ብቻውን ነው የተማረው። ማንም ያላሰበውን ነገር ከራሱ ያመጣል። … አዎ፣ ተሰጥኦ! … ተሰጥኦ የተሸናፊ ሰበብ ነው?

— እኔ የተጫወትኩበትን የአየር ጤናውን ውድድር ለምን ታነሳለህ አሁን? … ማውሱ ነበር! ማውሱ መበላሸቱን አንተም አይተሃል! … ሁለተኛው ላይ? ሁለተኛው ላይ ወንበሩ ነበር፣ አጭር ወንበር ነው የሰጡኝ። … ሦስተኛውን ተወው! … ተወው አልኩህ ገዳ፣ ሦስተኛው ላይ አሞኝ ነበር!

ሸሚዙን ከአንገቱ ላላ አደረገ። ለዛሬ ተብሎ የተተኮሰ ሸሚዝ ነው፤ ማንም አያየውም እንጂ።

— ቆይ፣ ቆይ። ይቺን ነገር የት ነው የሰማኋት? … «ኮሪያ ሲሸነፍ የተሸነፈበትን ጨዋታ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ያያል፣ የውጭ ሲሸነፍ ሰበብ ይፈልጋል።» ይቺማ የእሱ ናት! የዚያ ልጅ! ቃል በቃል የእሱ! … አንተ ወላዋይ፣ የእሱን ኮሜንት እያነበብክ ነው እንዴ የምታወራኝ?

ያ ልጅ የተባለው «የኮልፌ ኮሪያ» ነው። ከስምንት ወር በፊት በዚህ ስም ቻናሉ ላይ ገባ። ፎቶ የለው፣ ሌላ ስም የለው። ታዲዮስ አንድ ነገር በጻፈ ቁጥር ከሥሩ ይመጣል። አይሳደብም፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። «ላግ አልነበረም፣ እጁ ዘገየ» ይልና ደቂቃውንና ሰከንዱን ያስቀምጣል፤ ሰዉ ከፍቶ ሲያየው እንዳለው ይሆናል። ከናዝራዊት ቀጥሎ ታዲዮስ በቀን ውስጥ አብዝቶ የሚያስበው ሰው ቢኖር እሱ ነው። ናዝራዊትን እየወደደ፣ እሱን እየጠላ።

— አዎ፣ ጻፍኩለት! … ትናንት ከፍጻሜው በኋላ። … አላጠፋሁትም፣ አላጠፋውምም፣ ይነበብ! የሱን ወሬማ ሰብስቦ ቆሼ ነው መድፋት። … ምን ብዬ? አንብበኸው የለም እንዴ? … ከእኔ አፍ መስማት ፈለግክ? ደስ እያለኝ! በቃሌ ነው የማውቀው። «አንተ አሳዳጊ የበደለህ! ኮሪያን እንዲህ ከወደድክ ሂድና ሩዛቸውን ልቀም። አባትህ ልጅ አሳደግኩ ብሎ ይኮራ ይሆናል፤ ያሳደገው ግን ከብት ነው።» … አለቀ! ሦስት መቶ ሰው ስቆበታል!

ቄስ ሰይፈሥላሴ አማተቡ። እናቱ ወይዘሮ ሸዋገነት ከጓዳ ብቅ ብለው ጣታቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አሳዳጊ የበደለው የሚባል ስድብ በዚህ ቤት ቀልድ አይደለም፤ የሚሰደበው ልጁ ቢሆንም የሚመታው አባትና እናቱን ነው።

— እማዬ ቆይ አንዴ! … አይ፣ እናቴን ነው ገዳ። … ድምፅህ ለምንድን ነው የሚያስተጋባው? ባዶ ቤት ነህ እንዴ? … ላውድ ላይ አድርገኸኛል እንዴ? … ጫማ እየጠረግክ ነው። እሺ፣ ጥረግ፣ እንግዳ ይመጣባችኋል።

— በዛ? ምኑ ነው የበዛው? … አባቱ ምን አደረገኝ? ምንም አላደረገኝም፣ አላውቀውም። ግን እንደዚህ ዓይነት ልጅ ያሳደገ ሰው አንድ ቀን ሊነገረው ይገባል! … አዎ። … ከልቤ ነው፣ አዎ። ደግሜ እለዋለሁ። … ፊቱ ቆሜ! … አባቱም ፊት! ወንድ ከሆነ አባቱ ራሱ መጥቶ ይጠይቀኝ!

ከስልኩ ውስጥ የሳል ድምፅ መጣ፤ የገዳ አይደለም።

— ሄሎ? … ገዳ? … ምነው ዝም አልክ? … ማነው የሳለው?

— ማን ልበል?

— ጋሽ… ጋሽ ወዬሳ?

ሳያውቀው ቀጥ ብሎ ቆመ። ግራ እጁ የላላውን ቁልፍ ይቆልፋል፤ ሰውየው በስልኩ ውስጥ የሚያዩት ይመስል።

— እንደምን አደሩ ጋሼ። … እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። እርስዎስ? … ከ… ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰምተዋል? … ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጌም ነገር ነው። እኛ ልጆቹ እንዲህ ነው የምንቀላለደው፣ እርስዎ አይቀየሙት። … ኧረ እርስዎን አይደለም! ምን ቆርጦኝ! የማላውቀውን አንድ ሰው ነው። … እንዴት? … አይ ጋሼ፣ ያንን ልጅ እርስዎ አላሳደጉትም! እርስዎ ያሳደጉት ገዳንና…

እዚህ ላይ ቆመ። ስልኩን ከቀኝ ጆሮው ወደ ግራው አዞረው፤ ግራውም የሰማው ያንኑ ነው።

— ናዝራዊት?

— የኮልፌ ኮሪያ ማለት… እሷ ናት?

— ቁርስ ላይ። … ገዳ ጮክ ብሎ አነበበው… እየሳቀ፣ እሺ… እሷ ሻዩዋን አስቀምጣ ተነሳች። … ከዚያ ነገረቻችሁ። … እርስዎም ከአፌ ሊሰሙ ገዳን አስደወሉት። … ገባኝ። … ገባኝ ጋሼ።

ባለፈው ክረምት ከናዝራዊት ጋር አንድ ካፌ ተቀምጠው ስለዚህ ጌም ጠይቃው ነበር። «ተይው፣ የሴት ነገር አይደለም፣ አይገባሽም» አላት። እሷም ተወችው። የኮልፌ ኮሪያ ቻናሉ ላይ የገባው በዚያው ሳምንት ነው። ታዲዮስ ይህን ሁሉ አሁን በአንድ ትንፋሽ አስታወሰው።

— ሩዙ? … ሩዙን ዝም ብዬ ነው ጋሼ፣ ለአፌ ያህል ነው። … የአባትዎ? … ፎቷቸው ሳሎን ተሰቅሏል? … ኮሪያ ዘምተው ነበር? … አላወቅኩም። ቤትዎ ገብቼ አላውቅማ፣ ሽማግሌ ሳልልክ እንዴት እገባለሁ? … ለዚህ ነው እሷም ኮሪያ የምትደግፈው? … ከልጅነቷ ጀምሮ። … እሺ። … እሺ ጋሼ።

አቶ አሰፋ አሁን ተነሥተው ቆመዋል። ንግግራቸውን ሊለማመዱ አልነበረም። የወንድማቸውን ልጅ ፊት እያዩ የማንን አባት እንደሰደበ ጠየቁት፤ በሹክሹክታ፣ ግን ቤቱ ሁሉ ሰማው።

— የእሳቸውን ጋሼ። … አዎ፣ የምትሄዱበትን ቤት። … አላወቅኩም ነበራ! … እባክዎ አንዴ፣ ስልክ ላይ ናቸው! … ሄሎ ጋሽ ወዬሳ፣ አለሁ። አጎቴ ናቸው። … እሳቸውም አፍረዋል። … አዎ፣ በእኔ።

እናቱ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በሩን ተደግፈዋል። ለዚህ ቀን ሁለት ዓመት የጠበቁ እሳቸው ናቸው። ታዲዮስ አያቸውና ዓይኑን መለሰ፤ እዚያ ማየት አልቻለም።

— ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እግርዎ ላይ ልውደቅ። … አላወቅኩም ማለትም ሰበብ ነው፣ ልክ ነዎት። የማንም አባት ቢሆን አባት ነው። አፌ ነው፣ እኔ ነኝ፣ ሌላ ማንም አይደለም። … እውነቴን ነው። እርስዎ ያሳደጓት ልጅ ከእኔ እጅግ ትሻላለች። ከእኔ ብቻ አይደለም፣ ከአራት ሺህ ሰው ትሻላለች። … እ? … ይምጡ? … ይምጡ ነው ያሉኝ?

— ግን ለጋብቻው አይደለም። ለዕርቅ። … እሺ ጋሼ። … እኔም? … እኔማ ደንቡ ቤት እንድቀር… አዎ፣ ለዕርቅ ከሆነ አጥፊው ራሱ ነው የሚመጣው፣ ልክ ነዎት። … ድንጋይ ተሸክሜ። … ደጃፍዎ ድረስ። … እሸከማለሁ! ካሉኝ ከኮልፌ ጀምሬ እሸከማለሁ!

አቶ አሰፋ ጋቢያቸውን እንደገና አስተካከሉ፤ «ልጃችሁን ለልጃችን» ቀርቶ አሁን ሌላ ንግግር ማሰብ አለባቸው፣ ከንፈራቸው ወዲያው መንቀሳቀስ ጀመረ። ወይዘሮ ሸዋገነት የልጃቸውን ጫማ ከአልጋ ሥር ሊያወጡ ሮጡ። አቶ ፀሐዬ በመስኮቱ አሻግረው ግቢው ውስጥ ድንጋይ ይመርጣሉ።

— ትልቁን አይደለም ጋሽ ፀሐዬ፣ ያኛውን። … ሄሎ፣ አቤት ጋሼ? … አዎ፣ የተሰደበችው እሷ ናት። የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። … ላናግራት። ይስጧት።

ጥቂት ቆየ። ታዲዮስ ሲጠብቅ የመስኮቱን ክፈፍ በጥፍሩ ይፍቃል።

— ናዝዬ። … ትሰሚኛለሽ?

— ሁሉንም ሰምተሻል። … ይቅርታ። … አውቃለሁ፣ አንቺ ባትሆኚም ነውር ነው። … ግን ለምን አልነገርሽኝም? ስምንት ወር ሙሉ! … ዛሬ ልትነግሪኝ ነበር? … ሽማግሌዎቹ ቀጠሮ ይዘው ከወጡ በኋላ፣ ደውለሽ። … ስታስቢው ትስቂ ነበር።

ይቺኛዋ ከስድቡም ከድንጋዩም በላይ ወጋችው። ልጅቷ ለዚህ ቀን ያሰበችለትን ሳቅ ስምንት ወር ሙሉ አስቀምጣለት ነበር፤ እሱ አንድ ቀን ሲቀረው በገዛ እጁ ደፋው።

— ድንጋዩን አትፈልጊውም? … ታዲያ ምን ትፈልጊያለሽ? … ቻናሉ ላይ? እጽፋለሁ! አሁን፣ ስልኩን እንደዘጋን! … «የጻፍኩት ነውር ነው፣ አባቱንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።» … ስምሽን አልጠቅስም፣ አታስቢ። … ይሳቁብኝ! አራት ሺውም ይሳቅ! … ጌም የሴትም ነው ብዬ ልጻፍ? እጽፋለሁ። ከእኔ የበለጠ ታውቃለች ብዬም እጨምራለሁ። አንቺ ከመጣሽ ወዲህ ነው ሰው ከልቡ ማንበብ የጀመረው፣ ይሄ እውነት ነው። … ሌላ? ሌላ በይኝ!

— ስለ ስድስተኛው ጨዋታ?

— «ላግ አልነበረም፣ በትክክል ተሸንፏል» ብዬ። … ይቺን ቃል ብቻ። … ሌላው ሁሉ ይቅር፣ እሷን ብቻ።

ግንባሩን መስኮቱ ላይ አስደገፈ። መስታወቱ ቀዝቃዛ ነበር።

— ናዝዬ፣ እሷ ምን ታደርግልሻለች? አንድ ጌም እኮ ነው። … አንድ ጌም ከሆነ ለመጻፍ ምን ይከብዳል… ልክ ነሽ፣ ግን… … አይ፣ አላምንሽም አላልኩም። ስንት ጊዜ ነው ያየሽው? … አሥራ አንድ ጊዜ። … እኔ? እኔ አንድ ጊዜ፣ በቀጥታ ሲተላለፍ። … ደግሜ አላየሁትም። … ማየት አልፈለግኩም።

— ምን አገናኘው ከቤታችን ጋር? … ነገ አንድ ነገር ባጠፋ… ልጅ ቢታመም፣ የረሳሁት ነገር ቢኖር… «ላግ ነበር ትለኛለህ»? እንደዚያ ነው የምታስቢኝ? … ማውሱን ማን ነገረሽ? … ገዳ! ወንበሩንም ነገረሽ።

የፖላንዱ ልጅ እጅ መዘግየቱን ታዲዮስ ያውቃል። ትናንት ያኔውኑ አይቶታል። ስክሪኑ አልደረቀም፤ ልጁ ነው ደንግጦ የቆመው፣ ሁለት ሰከንድ ሙሉ፣ ጣቶቹ አየር ላይ። ታዲዮስ ያንን ባየ ጊዜ ደረቱ ላይ እሳት ነው የተሰማው፣ ላግ ብሎ የጮኸውም ለዚያ ነው። አሁን ከእሱ የሚፈለገው ይህን ማለት ብቻ ነው። አጎቱ ያዩታል፣ ቄሱ ያዩታል፣ እናቱ ጫማውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል።

— እሺ። … እሺ ናዝዬ፣ እጽፋለሁ። … አልቀየርም። … አሁን በአፌ ልበልልሽ? … አባትሽም ይሰማሉ? … እሺ። … ላግ አልነበረም። … ተሸንፏል።

ቄስ ሰይፈሥላሴ ስለ ምን እንደሆነ ባያውቁም አሜን አሉ።

— ተሸንፏል፣ አልኩ እኮ። … አመሰግናለሁ። … እኔም እወድሻለሁ። … ብቻ…

አቶ አሰፋ እጃቸውን አነሡ፤ ሊያስቆሙት ይመስል።

— ብቻ ሁለት ሰከንድ ያህል ስክሪኑ ትንሽ መያዙን ሁሉም ሰው አይቷል። … ላግ አላልኩም! ትንሽ መያዙን ነው ያልኩት! … ናዝዬ?

— ሄሎ?

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ? … ሄሎ?

ስልኩን ከጆሮው አውርዶ አየው። የኔትወርኩ መስመሮች አራቱም ሙሉ ናቸው። መልሶ ደወለ፤ አንዴ ጠርቶ ተቆረጠ። እንደገና ሲደውል መጥራቱንም ተወ።

አቶ አሰፋ ምን እንዳለች ጠየቁት። እናቱ ጫማውን ወደ እግሩ አስጠጉለት። ታዲዮስ ጫማውን አየ፣ ሽማግሌዎቹን አየ፣ ስልኩን ኪሱ ከተተ።

— ኔትወርክ ነው ጋሼ። … እዚህም መስኮቱ ሥር አንዳንዴ ይቆርጣል።

ይህን ብሎ ሳይጨርስ እዚያችው መስኮት ሥር የአቶ ፀሐዬ ስልክ ጮኸ። አነሡት። የሚኒባሱ ሾፌር ነበር፤ እንጠብቅ ወይስ እንሂድ ይላል፣ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ጥርት ብሎ ይሰማል። አቶ ፀሐዬ ስልኩን ይዘው ታዲዮስን ማየት ጀመሩ።